አሥር ሺህ አንበጣ በአንድ ብራውዘር፦ የጂፒዩን ጉልበት ለጌም ስሌት የማዋል መመሪያ

ጌሙ ቀላል ነው። ስክሪኑ ላይ የጤፍ ማሳ አለ። የአንበጣ መንጋ ይመጣበታል። ተጫዋቹ ጅራፍ እያጮኸ፣ ቆርቆሮ እየመታ መንጋውን ያባርራል። በ2013 ዓ.ም. መኸር ራያና ወሎ ላይ የደረሰውን የሚያስታውስ ሰው ሐሳቡ ከየት እንደመጣ አይጠፋውም።

ሀምሳ አንበጣ በጃቫስክሪፕት ስታበሩ ሁሉ ሰላም ነው። አምስት መቶም ይሄዳል። ሦስት ሺህ ስታደርሱት ጌሙ ስታክ ማድረግ ይጀምራል። የላፕቶፑ ፋን እንደ ወፍጮ ቤት ያጓራል።

ችግሩ ሥዕሉ አይደለም። ሦስት ሺህ ትንንሽ ሦስት ማዕዘን መሳል ለኮምፒውተር ምንም ማለት አይደለም። የሚያደክመው ማሰቡ ነው። ክሬግ ሬይኖልድስ እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳየው ዘዴ መሠረት በመንጋ ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ፍጡር ሦስት ነገር ብቻ ያደርጋል፦ ከጎረቤቱ ጋር አይጋጭም፣ ጎረቤቶቹ ወደሚያመሩበት ያመራል፣ ከመካከላቸውም ርቆ አይሄድም። ሦስቱም ሕጎች «ጎረቤቴ ማን ነው?» ብለው ይጀምራሉ። ይህን ለማወቅ አንዱ አንበጣ ሌሎቹን ሁሉ ማየት አለበት። ሦስት ሺህ ሲባዛ በሦስት ሺህ፣ ዘጠኝ ሚሊዮን ማየት ነው። ያውም በአንድ ፍሬም፣ ስክሪኑ አንዴ ተስሎ እስኪታደስ ባለው ጊዜ። በሴኮንድ 60 ፍሬም ከፈለጋችሁ ለእያንዳንዱ ያላችሁ ጊዜ 16.7 ሚሊሴኮንድ ብቻ ነው። ጃቫስክሪፕት ደግሞ ይህን ሁሉ ተራ በተራ፣ ብቻውን ይሠራዋል።

ሲፒዩ፣ የኮምፒውተሩ ዋና ማስሊያ፣ ጎበዝ ገበሬ ነው። ያርሳል፣ ይዘራል፣ አጥር ያጥራል፣ የታመመ በሬ ያክማል። ጂፒዩ፣ ሥዕል ለመሳል የተሠራው ማስሊያ፣ ደቦ ነው። በአንድ ጊዜ ብዙ ሰው ማሳው ላይ ይሰለፋል፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ሥራ ይሠራል፣ ማሳው በአንድ ጀንበር ይታጨዳል። ግን ደቦ ለመጥራት ጠላ መጥመቅ፣ እንጀራ መጋገር አለ። ለአንድ መደብ ጎመን ደቦ አይጠራም። አጨዳው እየሄደ ደግሞ በየመሃሉ «እስቲ ቁሙ፣ ስንት ነዶ ደረሰ?» እያሉ ማስቆም የደቦውን ጥቅም ዜሮ ያደርገዋል። የኋለኛውን ያዙልኝ። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚያ ላይ ነው። እኔም የወደቅሁት እዚያ ላይ ነው።

የትእዛዞቹን ስም እንደምንጠራቸው በራሳችን ፊደል ጽፌያቸዋለሁ። ኮዱ ውስጥ ሲገቡ እንደተለመደው በላቲን ፊደል ናቸው።

መጀመሪያ፦ ሥራው ደቦ ይወዳል ወይ?

ጌማችሁ ውስጥ ብዙ ሺህ ነገሮች አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠሩበት ቦታ ፈልጉ። መንጋ፣ ጭስ፣ ዝናብ፣ የውኃ ሞገድ፣ ንፋስ የሚያወዛውዘው ሣር፣ እነዚህ ሁሉ ለጂፒዩ የተሠሩ ናቸው።

ገበጣ እየሠራችሁ ከሆነ ግን ይህን መመሪያ ዝለሉት። የኮምፒውተሩ ተጫዋች «ይህን ጉድጓድ ባነሳ፣ እሱ ያንን ቢያነሳ» እያለ ሲያስብ ሐሳቡ ቅርንጫፍ እያወጣ ይሄዳል። ጂፒዩ ውስጥ ጎን ለጎን የተሰለፉት ሠራተኞች አንድ እርምጃ አብረው መራመድ ይወዳሉ። አንዱ ወደ ግራ ሌላው ወደ ቀኝ ሲል እየተጠባበቁ ጊዜ ይበላሉ። ለገበጣ ሲፒዩው ይበቃል፤ ከከበደ ዌብ ወርከር (ጃቫስክሪፕትን ከጀርባ ለብቻው የሚያሠራ) ጨምሩበት። ነጥብ መቁጠር፣ ሜኑ፣ ድምፅ፣ ሴቭ ማድረግም ጃቫስክሪፕት ላይ ይቆዩ።

ደረጃ 1፦ በሩ ክፍት ነው?

የምንጠቀመው ዌብጂፒዩን ነው፤ ብራውዘር ውስጥ ያለ ኮድ ጂፒዩውን እንዲያዝ የሚያስችለውን። ክሮም ላይ የገባው በስሪት 113፣ እ.ኤ.አ. በሜይ 2023 ነው። አንድሮይድ ስልክ ላይ በስሪት 121 መጣ፤ ያኔም አንድሮይድ 12ና ከዚያ በላይ ሆኖ የኳልኮም ወይም የአርም ጂፒዩ ላላቸው ስልኮች። ፋየርፎክስ በ141 ዊንዶውስ ላይ፣ ሳፋሪ በ26 ተከተሉ። ስለዚህ ዛሬ ብዙ ሰው ጋ አለ፤ ሁሉም ጋ ግን የለም።

ኤፍ 12 ተጫኑና ኮንሶሉ ላይ «ናቪጌተር ዶት ጂፒዩ» ብላችሁ ጻፉ። ዕቃ ከመለሰላችሁ ቀጥሉ። «አንዲፋይንድ» ካላችሁ ብራውዘሩ አሮጌ ሊሆን ይችላል። ወይም ደግሞ ገጹ ደኅንነቱ በተጠበቀ አድራሻ አልተከፈተም። ዌብጂፒዩ የሚሠራው በኤችቲቲፒኤስ ወይም በሎካልሆስት ብቻ ነው።

ይቺ ነገር ስልክ ላይ ጉድ ትሠራለች። ላፕቶፑ ላይ ጌሙ በሎካልሆስት ይሠራል። ስልካችሁን በዚያው ዋይፋይ አገናኝታችሁ የላፕቶፑን አይፒ ቁጥር ስትጽፉ ገጹ ይከፈታል፣ ጂፒዩው ግን የለም ይላችኋል። ስልኩ ምንም አልሆነም። አድራሻው ተራ ኤችቲቲፒ ስለሆነ ነው። መፍትሔው የቻርጀር ገመድ ነው፤ ዳታ የሚያስተላልፍ ይሁን እንጂ። ስልኩ ላይ የዩኤስቢ ዲበጊንግ ክፈቱ፣ ላፕቶፑ ክሮም ላይ ወደ ኢንስፔክት ገጽ ግቡ፣ ፖርት ፎርዋርዲንግ የሚለውን አብሩ። ከዚያ በኋላ ስልኩም ሎካልሆስት ብሎ ይከፍተዋል።

በሩ ከተከፈተ «ሪኩዌስት አዳፕተር»ን ጥሩ፤ ማሽኑ ላይ ያለውን ጂፒዩ ያገኝላችኋል። ከሚመጣው ላይ ደግሞ «ሪኩዌስት ዲቫይስ»ን፤ ትእዛዝ የምትሰጡት በእሱ በኩል ነው። ሁለቱም ጊዜ ስለሚወስዱ «አዌይት» ያስፈልጋቸዋል። አዳፕተሩ ባዶ ሆኖ ሊመጣ ይችላል፤ ያኔ ተጫዋቹን ጥቁር ስክሪን ላይ አትተዉት። ምን እንደምታደርጉለት ወደ መጨረሻው እነግራችኋለሁ።

ደረጃ 2፦ አንበጣውን ወደ ቁጥር መመንዘር

አንድ አንበጣ አራት ቁጥር ነው፦ በአግድም ያለበት ቦታ፣ በቁም ያለበት ቦታ፣ የአግድም ፍጥነቱ፣ የቁም ፍጥነቱ። እያንዳንዱ ቁጥር 4 ባይት ይይዛል። አንድ አንበጣ 16 ባይት፣ አሥር ሺህ አንበጣ 160,000 ባይት። ቴሌግራም ላይ ከሚላክ አንድ ፎቶ ብዙም አይበልጥም።

40,000 ቦታ ያለው «ፍሎት 32 አሬይ» ሥሩ፣ በራንደም ሙሉት። ከዚያ ጂፒዩው ላይ እኩል መጠን ያላቸው ሁለት በፈሮች (የዳታ ማስቀመጫ ቦታዎች) ፍጠሩ፤ ሀ እና ለ እንበላቸው። ሲፈጠሩ ምን እንደሚሠሩ መናገር ግዴታ ነው፦ «ስቶሬጅ» ለስሌት፣ «ቨርቴክስ» ለመሳል፣ «ኮፒ ዲስት» ከጃቫስክሪፕት ዳታ ለመቀበል። በ«ራይት በፈር» የመጀመሪያውን ዳታ ወደ ሀ ላኩ። አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚህ በኋላ አንበጣዎቹ የሚኖሩት እዚያው ጂፒዩው ውስጥ ነው፤ ወደ ጃቫስክሪፕት አይመለሱም።

ሁለት በፈር ለምን? በአንድ በፈር ላይ እያነበባችሁ እዚያው ላይ ከጻፋችሁ፣ ግማሹ አንበጣ የጎረቤቱን አሮጌ ቦታ፣ ግማሹ አዲሱን ያያል። ግማሹ የትናንት፣ ግማሹ የዛሬ ጋዜጣ አንብቦ ስብሰባ እንደመቀመጥ ነው። ስለዚህ ከሀ አንብበን ለ ላይ እንጽፋለን፤ በሚቀጥለው ፍሬም ከለ አንብበን ሀ ላይ።

ወደ ሦስት አቅጣጫ የምትሄዱ፣ ማለትም ከፍታ የምትጨምሩ ከሆነ ቆም በሉ። ሼደሩ (ጂፒዩው ላይ የሚሠራው ኮድ) ውስጥ ባለሦስት ቁጥሩ ዓይነት፣ «ቬክ 3» የሚባለው፣ 12 ባይት ቢሆንም መቀመጥ የሚወደው በ16 ባይት ድንበር ላይ ነው። ቦታና ፍጥነትን በቬክ 3 ስትጽፉ አንድ አንበጣ 24 ሳይሆን 32 ባይት ይሆናል። ጃቫስክሪፕቱ በ24 ከደረደረ ምንም ኢረር አይመጣም። አንበጣዎቹ ብቻ ያብዳሉ። ክፍት የምትቀረውን አራተኛ ቦታ በከንቱ አትተዉ፤ የአንበጣውን ዕድሜ ወይም ረሃብ አስቀምጡባት።

በዚሁ አጋጣሚ ለምትፈጥሩት በፈርና ፓይፕላይን (ሼደሩን ለሥራ የሚያዘጋጀው ዕቃ) ሁሉ «ሌብል»፣ ማለትም ስም፣ ስጡ። ስም የሌለው ነገር ሲበላሽ ኮንሶሉ የሚነግራችሁ ዝም ብሎ የሆነ በፈር ተበላሸ ብሎ ነው። ስም ካለው በስሙ ይጠራዋል። አንድ መስመር ጽፋችሁ አንድ ምሽት ታተርፋላችሁ።

ደረጃ 3፦ ሼደሩ

ሼደር ማለት እያንዳንዱ የደቦ ሠራተኛ እጅ ላይ የሚሰጥ አንድ ወረቀት ነው። በሁሉም ወረቀት ላይ የተጻፈው አንድ ነው፤ የሚለየው የሠራተኛው ቁጥር ብቻ ነው። ቋንቋው ደብልዩ ጂ ኤስ ኤል ይባላል። ራስት ለነካካ ሰው ባዕድ አይሆንበትም።

ሦስት ነገር ከላይ አስታውቁ፦ ቁጥር 0 ላይ ትንሽ የቅንብር በፈር፣ ቁጥር 1 ላይ የሚነበበው መንጋ፣ ቁጥር 2 ላይ የሚጻፍበት መንጋ። ቅንብሩ ውስጥ ከባለፈው ፍሬም ወዲህ ያለፈው ጊዜ፣ የአንበጣው ብዛት፣ ተጫዋቹ ያለበት ቦታ አግድምና ቁም ይገባሉ። አራት ቁጥር፣ 16 ባይት። በየፍሬሙ ከጃቫስክሪፕት የሚላከው ይሄ ብቻ ነው።

ከዚያ ዋናው ፈንክሽን። «ኮምፒውት» የሚል ምልክት ይደረግበታል፣ የወርክግሩፑ መጠንም 64 ይባላል። ወርክግሩፕ አብሮ የሚሰለፍ ቡድን ነው። ለምን 64? የኤንቪዲያ ካርዶች ሠራተኞቻቸውን በ32 ያሰልፋሉ፣ ብዙዎቹ የኤኤምዲ ካርዶች ደግሞ በ64። 64 ለሁለቱም ያለ ትርፍ ይካፈላል። ያለ ልዩ ፈቃድ እስከ 256 መሄድ ይቻላል። ለመጀመሪያ ጊዜ ግን 64 በሉና እርሱት።

የፈንክሽኑ የመጀመሪያ መስመር ይህ ይሁን፦ ቁጥሬ ከአንበጣው ብዛት እኩል ወይም በላይ ከሆነ ልመለስ። 10,000 ለ64 ሲካፈል 156.25 ነው። ሩብ ቡድን መጥራት ስለማይቻል 157 ቡድን ትጠራላችሁ፤ 10,048 ሠራተኛ ይመጣል። 48ቱ ሥራ የላቸውም። ካልመለሳችኋቸው የሌላ ሰው ማሳ ውስጥ ገብተው ሊያጭዱ ይችላሉ። ብራውዘሩ ከበፈሩ ውጭ እንዲጽፉ አይፈቅድም፤ እዚያው በፈር ውስጥ የተሳሳተ ቦታ ላይ መጻፍ ግን ይችላሉ።

ቀጥሎ ሉፕ። ሌሎቹን አንበጣዎች አንድ በአንድ እዩ፣ ርቀቱን ስሉ፣ ቅርብ ከሆነ ለሦስቱ ሕጎች ደምሩ። ራሳችሁን መዝለል አትርሱ። የተጫዋቹ ጅራፍም እንዲሁ ነው፦ ቅርብ ከሆነ ከእሱ ተቃራኒ አቅጣጫ የሚገፋ ኃይል ጨምሩ። መጨረሻ ላይ ፍጥነቱ ጣሪያ እንዳያልፍ ገድቡ፣ ቦታውን አስሉ፣ ቁጥር 2 ላይ ጻፉ።

እዚህ ሁለት ወጥመድ አለ። አንዱ በዜሮ ማካፈል ነው። ሁለት አንበጣዎች በትክክል አንድ ቦታ ላይ ካረፉ፣ በመካከላቸው ያለውን አቅጣጫ «ኖርማላይዝ» ስታደርጉ ናን የሚባለው ቁጥር ያልሆነ ቁጥር ይወጣል። ያ አንበጣ ይሰወራል። ጎረቤቱ የእሱን ቦታ ሲያነብ እሱም ይሰወራል። ከዚያ የጎረቤቱ ጎረቤት። ወረርሽኝ ነው፤ በአፍታ ማሳው ባዶ ይሆናል። ናን ከመጣ በኋላ መያዝ አስተማማኝ አይደለም፤ ሼደሩን የሚተረጉመው ኮምፓይለር ናን የለም ብሎ ሊያስብ ይፈቀድለታል። ከማካፈላችሁ በፊት ርቀቱ ከ0.0001 የሚበልጥ መሆኑን አረጋግጡ።

ሌላው ወጥመድ ታብ ነው። ተጫዋቹ ወደ ሌላ ታብ ሄዶ ዩቲዩብ አይቶ ሲመለስ፣ ያለፈው ጊዜ አሥር ደቂቃ ነው ይባላል። አንበጣዎቹ የአሥር ደቂቃ መንገድ በአንድ እርምጃ ይዘላሉ። ጃቫስክሪፕቱ ላይ ጊዜውን ከ0.033 ሴኮንድ እንዳይበልጥ ቁረጡት።

ሼደር ውስጥ ኮንሶል ላይ መጻፍ የለም። አንድ ቁጥር ካጠራጠራችሁ በቀለም አሳዩት፦ ጎረቤት የበዛበት አንበጣ ቀይ፣ ብቸኛው ሰማያዊ። ዓይን ከሎግ ይበልጣል።

ደረጃ 4፦ ማገናኘትና መጥራት

ከሼደሩ ኮምፒውት ፓይፕላይን ሥሩ። ከዚያ ሁለት ባይንድ ግሩፕ፣ የትኛው በፈር ለሼደሩ በየትኛው ቁጥር እንደሚሰጥ የሚናገር ዝርዝር፦ አንዱ ከሀ ወደ ለ፣ ሌላው ከለ ወደ ሀ። ሌይአውቱን (የዝርዝሩን ቅርጽ) «ኦቶ» በማለት መጀመር ይቻላል፤ ግን አቋራጭ ናትና ዋጋ አላት። በኦቶ የተሠራ ባይንድ ግሩፕ ለሌላ ፓይፕላይን አይሆንም። ሼደሩ ውስጥ አስታውቃችሁ ያልተጠቀማችሁበትን በፈር ደግሞ ኦቶ ይጥለዋል፤ ባይንድ ግሩፑ ሲሠራ እምቢ ይላል። ለሙከራ ብላችሁ አንድ መስመር ኮመንት አድርጋችሁ ድንገት ኢረር ከመጣ፣ ጥፋቱ እዚህ ነው። ወደ ደረጃ 5 የምትዘልቁ ከሆነ ሌይአውቱን ከአሁኑ በእጃችሁ ጻፉት።

የአንድ ፍሬም ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ ቅንብሩን ላኩ። ኢንኮደር (ትእዛዞቹን በተራ የሚመዘግበውን) ፍጠሩ። ኮምፒውት ፓስ ክፈቱ፣ ፓይፕላይኑንና የዚህን ተራ ባይንድ ግሩፕ ስጡ፣ «ዲስፓች ወርክግሩፕስ 157» በሉ፣ ዝጉ። በዚያው ኢንኮደር ሬንደር ፓስ ክፈቱ፣ አሁን የተጻፈበትን በፈር እንደ ቨርቴክስ በፈር በኢንስታንስ እርምጃ (ለአንድ አንበጣ አንድ ቅጂ) ስጡ፣ 3 ነጥብ በ10,000 ኢንስታንስ ሳሉ፣ ዝጉ። «ሰብሚት» ብላችሁ ወደ ጂፒዩው ላኩ። ተራውን ቀይሩ።

ዲስፓች ላይ የሚጻፈው የቡድኑ ቁጥር ነው፤ የአንበጣው አይደለም። 10,000 ብትጽፉ 640,000 ሠራተኛ ጠራችሁ። ጌሙ ይሠራል፣ ግን ለምን እንደከበደ ግራ ይገባችኋል።

ስላችሁ ያያችሁት መንጋ የተሰላው እዚያው ጂፒዩው ውስጥ፣ የተሳለውም ከዚያው በፈር ነው። በመሃል ጃቫስክሪፕት አንድም አንበጣ አልነካም።

ደረጃ 5፦ ማሳውን በመደብ መክፈል

አሥር ሺህ በአሥር ሺህ መቶ ሚሊዮን ነው። በሴኮንድ ስድስት ቢሊዮን ማየት። የጌም ካርድ ያለው ኮምፒውተር ይሸከመው ይሆናል፤ ተራ ላፕቶፕና ስልክ ግን ይንቀራፈፋሉ። ደቦም ቢሆን የማይረባ ሥራ ሲሰጠው ይደክማል።

ማሳው 1024 በ1024 ነው እንበል፤ አንድ አንበጣ የሚያየው ደግሞ 16 ርቀት ድረስ። ማሳውን በ16 በ16 መደብ ክፈሉት፤ 64 በ64፣ በድምሩ 4,096 መደብ ይሆናል። አሁን አንበጣው ያለበትን መደብና በዙሪያው ያሉትን ስምንቱን ብቻ ይመለከታል። አንበጣዎቹ እኩል ከተበተኑ በአንድ መደብ በአማካይ ከሦስት ያነሱ ናቸው። በዘጠኙ መደብ 22 ገደማ። ጠቅላላው 220,000 ማየት ሆነ። ከመቶ ሚሊዮን!

አሠራሩ ሁለት ዲስፓች ነው። ከሁለቱ በፊት በኢንኮደሩ ላይ «ክሊር በፈር» ብላችሁ የመደቦቹን ቆጣሪ ዜሮ አድርጉ። በመጀመሪያው ዲስፓች እያንዳንዱ አንበጣ መደቡን ያሰላል፣ በመደቡ ቆጣሪ ላይ በ«አቶሚክ አድ» አንድ ይጨምራል። አቶሚክ ማለት ሁለት ሰው እኩል ቢመጣ እንኳ አንዱ ሳይጨርስ ሌላው አይገባም ማለት ነው፤ እንደ ባንክ ወረፋ ቁጥር። የሚመልሰው ቁጥር የአንበጣው መቀመጫ ነው፤ እዚያ ላይ መለያውን ይጽፋል። በአንድ መደብ 32 መቀመጫ ስጡ፤ ቦታው 512 ኪሎባይት ነው። መቀመጫው 32 ከደረሰ የመጣው ይለፍ፤ አይጻፍ። ሁለተኛው ዲስፓች የደረጃ 3 ሼደር ነው፤ ሉፑ ብቻ በዘጠኙ መደብ ላይ ይሆናል።

ሁለቱን በአንድ ሼደር ማጣመር ያምራል፤ አይሆንም። አንድ ወርክግሩፕ ውስጥ ያሉት እርስ በርስ መጠባበቅ ይችላሉ፤ የተለያዩ ወርክግሩፖች ግን አይችሉም። መዝገቡ ሳያልቅ አንባቢው ይጀምራል። በተለያየ ዲስፓች ከሆነ ግን ዌብጂፒዩ ራሱ ቅደም ተከተሉን ይጠብቃል።

የ32ቱ ገደብ እንከን አለው። መንጋው አንድ ቦታ ሲከመር ትርፎቹ ለጎረቤቶቻቸው የማይታዩ ይሆናሉ። ማን እንደሚቀርም በየፍሬሙ ስለሚቀያየር ትንሽ መንቀጥቀጥ ይታያል። ንጹሑ መንገድ የመደቦቹን ድምር በተከታታይ እየደመሩ አንበጣዎቹን በመደብ መደርደር ነው፤ ፕሪፊክስ ሰም ይባላል። እኔ ለአንበጣ አልተጨነቅሁም። አንበጣ መቼ ቀጥ ብሎ ያውቃል?

ደረጃ 6፦ ከደቦው ወሬ መጠየቅ

ጃቫስክሪፕቱ አንድ ነገር ማወቅ አለበት፦ ስንት ጤፍ ተበላ? ነጥቡ የሚሰጠው በዚያ ነው።

የእኔ የመጀመሪያ ሥራ እንዲህ ነበር። በየፍሬሙ 160,000ውን ባይት ወደ ጃቫስክሪፕት አምጥቼ፣ «አዌይት» ብዬ ጠብቄ፣ በሉፕ እቆጥር ነበር። ውጤቱ ከጃቫስክሪፕቱ ስሪት የባሰ ሆነ። ሁለት ቀን ሼደሩን ሳሻሽል ከረምኩ። ሼደሩ ምንም አላጠፋም። ደቦውን በየፍሬሙ እያስቆምኩ ነዶ ስቆጥር የነበርኩት እኔ ነኝ።

ስለዚህ ቆጠራውም እዚያው ይሠራ። አንድ ቁጥር የሚይዝ በፈር ጨምሩ። ማሳ ላይ ያረፈ አንበጣ በአቶሚክ አንድ ይጨምርበት። አቶሚክ የሚሠራው በሙሉ ቁጥር ብቻ ነው፤ እንደ 0.5 ያለ ባለነጥብ ቁጥር አይቀበልም። ደግሞ የተበላውን ደምሩ እንጂ ከቀረው ጤፍ አትቀንሱ። ምልክት በሌለው ቁጥር ከዜሮ በታች ስትቀንሱ ወደ 4,294,967,295 ይዘላል። ተበልቶ ያለቀ ማሳ በአንድ ጊዜ አራት ቢሊዮን ዛላ ሲያበቅል አይቻለሁ። ገበሬው ደስ ይለው ነበር።

ያንን አንድ ቁጥር፣ 4 ባይት፣ ለማምጣት ሌላ ትንሽ በፈር ፍጠሩ። ፈቃዱ «ማፕ ሪድ» (ጃቫስክሪፕት እንዲያነበው) እና «ኮፒ ዲስት» ብቻ ይሁን፤ ማፕ ሪድ ከስቶሬጅ ጋር አብሮ አይፈቀድም። በኢንኮደሩ ቁጥሩን ወደዚህ ቅዱ፣ ሰብሚት አድርጉ፣ ከዚያ «ማፕ አሲንክ» በሉ። አትጠብቁት። በ«ዜን» ውስጥ ሲደርስ አንብቡ፣ «አንማፕ» አድርጉ፣ ነጥቡን አድሱ። አንድ ሁለት ፍሬም ይዘገያል፤ ተጫዋቹ አያውቀውም።

ማፑ ገና ሳይመለስ በዚያ በፈር ላይ እንደገና ብትቀዱ ኢረር ነው። በመጠበቅ ላይ ከሆነ ይህን ፍሬም ዝለሉት። ነጥብ በሴኮንድ አሥር ጊዜ ቢታደስም በቂ ነው።

ጌሙ በኔትዎርክ የሚጫወቱት ከሆነ ደግሞ ነጥቡን በዚህ አትወስኑ። እንደ 0.5 ያለ ባለነጥብ ቁጥር ስሌት ከአንዱ ጂፒዩ ወደ ሌላው በጥቂቱ ይለያያል። ትንሿ ልዩነት በሺህ ፍሬም ውስጥ አድጋ የእናንተ መንጋና የጓደኛችሁ መንጋ ሌላ ሌላ ቦታ ይሆናሉ። መንጋው ለዓይን ይሁን፤ አሸናፊውን ሰርቨሩ ይንገር።

ደረጃ 7፦ ዌብጂፒዩ ለሌለው

ከዌብጂፒዩ በፊትም ሰዎች ይህን ይሠሩ ነበር፤ በማታለል። ብራውዘር ላይ በጂፒዩ መሳያው የቀድሞ መንገድ ዌብጂኤል ነው፤ እሱ እ.ኤ.አ. በ2011፣ ዌብጂኤል 2 በ2017 ወጡ። ሁለቱም ኮምፒውት ሼደር የላቸውም። ስለዚህ ዳታው ሥዕል መስሎ ይገባል። 100 በ100 ፒክስል የሆነ ሥዕል አሥር ሺህ አንበጣ ነው፤ ቀዩ የአግድም ቦታ፣ አረንጓዴው የቁም ቦታ፣ ሰማያዊውና አልፋው ፍጥነቱ። ማንም የማያየውን ሥዕል ከሌላ ሥዕል «ይስላሉ»፤ መሳሉ ራሱ ስሌቱ ነው። እዚህም ሁለት ሥዕል እየተፈራረቁ ነው።

ለዚህ ባለነጥብ ቁጥር ወደሚይዝ ሥዕል መጻፍ መቻል አለበት። በዌብጂኤል 2 «ኢኤክስቲ ከለር በፈር ፍሎት» የሚለው ቅጥያ መኖሩን ጠይቁ። ትሪ ዶት ጄኤስ የሚባለውን የሥዕል ላይብረሪ የምትጠቀሙ ከሆነ «ጂፒዩ ኮምፒውቴሽን ሬንደረር» የሚባል ረዳት አለው፤ የመፈራረቁን ሥራ እሱ ይይዝላችኋል። አቶሚክ ስለሌለ የመደቡን ነገር እዚህ መሥራት መከራ ነው። የእኔ ምክር፦ በዚህ መንገድ የሚመጣውን ተጫዋች 2,000 አንበጣ ስጡት፣ ሁሉም ሁሉን ይይ። አራት ሚሊዮን ማየት ነው፤ ይሄዳል። ዌብጂኤል 2 እንኳ ከሌለው 300 አንበጣ በጃቫስክሪፕት።

ደረጃ 8፦ መለካት

ከሰብሚት በፊትና በኋላ ሰዓት አይታችሁ «ግማሽ ሚሊሴኮንድ ነው የወሰደው» አትበሉ። የለካችሁት ትእዛዝ የመጻፊያውን ጊዜ ነው። ደቦው ገና ማሳ አልደረሰም። ትክክለኛው «ታይምስታምፕ ኩዌሪ» የሚባለው ተጨማሪ ችሎታ ነው፤ ዲቫይሱን ስትጠይቁ አብራችሁ መጠየቅ አለባችሁ፤ አዳፕተሩ ካለው ማለት ነው። ውጤቱ በናኖሴኮንድ ይመጣል፣ ክሮም ግን ለደኅንነት ሲል ወደ 100 ማይክሮሴኮንድ ያጠጋጋዋል።

ይህ ከበዛባችሁ ቀላሉን አድርጉ። የአንበጣውን ብዛት እጥፍ እያደረጋችሁ ፍሬሙ ከ16.7 ሚሊሴኮንድ የሚያልፍበትን ፈልጉ። ከዚያ በግማሽ ውረዱ። ይቺ ግማሽ ለሌሎች ሰዎች ደካማ ማሽን ናት።

ሼደራችሁ ውስጥ ማለቂያ የሌለው ሉፕ ካለ ዊንዶውስ ሁለት ሴኮንድ ታግሶ ጂፒዩውን ዳግም ያስነሳዋል። ስክሪኑ ብልጭ ይላል፣ ዲቫይሱ ይጠፋል። «ዲቫይስ ዶት ሎስት»ን አዳምጡ፤ ሲጠፋ ሁሉን ከደረጃ 1 እንደገና የሚሠራ አንድ ፈንክሽን ይኑራችሁ። ይህ በእናንተ ስህተት ብቻ አይመጣም። የተጫዋቹ ድራይቨር በመሃል ቢታደስም ያው ነው።

የመጨረሻው ልኬት ስልክ ላይ ነው። ስልክ ሲጀምር ፈጣን ነው፤ ሲሞቅ ራሱን ያቀዘቅዛል፣ ፍጥነቱም ይወርዳል። ለአንድ ደቂቃ ሞክራችሁ አትተማመኑ። ከቻርጀር ንቀሉት፣ ጌሙን ለአሥር ደቂቃ ተጫወቱ፣ የፍሬሙን ጊዜ በመጀመሪያውና በአሥረኛው ደቂቃ መዝግቡ። ሁለቱ ከተቀራረቡና ስልኩ መዳፋችሁን ካልጠበሰው፣ ቁጥሩን 20,000 አድርጉና ዲስፓቹን ወደ 313 ቀይሩ።